ምስሉና ሥጋው ያልታረቁበት ሐሙስ

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እኛ ክፍል ሽምግልና አለ። የሚታረቁት ግን ሰዎች አይደሉም፤ ምስልና ሥጋ ናቸው። ዶክተሩ በአልትራሳውንድ ያዩትን እብጠት ስክሪን ላይ ያወጣሉ። የላቦራቶሪዋ ሐኪም ደግሞ ከዚያው እብጠት በመርፌ ተቆርጦ የመጣላትን ሥጋ በማይክሮስኮፕ አይታ ምን እንዳገኘች ታነባለች። ሁለቱም «ክፉ ነው» ካሉ፣ ወይም ሁለቱም «ደህና ነው» ካሉ፣ ተስማሙ ማለት ነው፤ ወረቀቱ ይፈረምና ለታማሚው ይነገራል። አንዱ ክፉ ሌላው ደህና ካለ ግን ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷልና መርፌው ይደገማል። ሽምግልና የሚለውን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት የዚህ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ በስም ማውጣት የሚስተካከለኝ አልተገኘም።

በዚያ ሐሙስ ስክሪኑ ላይ የወጣው የአማቴ ጡት ነበር።

አማቴ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም «ዳይሬክተሯ» ነው የሚላቸው። ልጃቸው እኔን ያገባ ጊዜ ለእህታቸው «መሐንዲስ ልጄን መርፌ ወጊ ወሰደችው» ሲሉ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። የስልክ መልእክት ስልክላቸው የፊደል ግድፈቴን አርመው ይመልሱልኛል፤ ለጥያቄው መልስ የሚሰጡኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሜ «አንቺ» ነበር፤ ሲከፋቸው ደግሞ «ሲስተር»። እኔም ብሆን መልአክ አይደለሁም፤ እቤታቸው ስሄድ ሆን ብዬ የምዘገይበት ቀን ብዙ ነው።

እብጠቱን ያገኙት ራሳቸው ናቸው፣ ልብስ ሲቀይሩ። የሚነግሩት ሰው ሲቸግራቸው የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ መጥተው አጠገቤ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ቧንቧው አድርገው፣ «ሲስተር፣ እዚህ ጋ የሆነ ነገር አለ» አሉኝ። እጄን አድርቄ ነካሁት። የባቄላ ፍሬ የሚያህል፣ ጠንካራ ነገር። ፊቴን እንዳያነቡት ሳህኑን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

በማግስቱ ዶክተሩ አዩዋቸው። ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ሲጨርሱ፣ «መልኩ አላማረኝም። ማክሰኞ መርፌ እናደርጋለን» ብለው ብቻ ወጡ።

ስለ አሠራሩ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ጥፋቴ አይገባችሁም። ዶክተሩ በግራ እጃቸው የአልትራሳውንዱን እጀታ ጡቱ ላይ ይይዛሉ፣ በቀኛቸው መርፌውን። መርፌው ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ መስመር ሆኖ ሲገባ ይታያል። እብጠቱ ጋ ሲደርስ ቁልፉን ይጫኑታል፤ እንደ ስቴፕለር ጧ ይልና ክር የምታህል ሥጋ ቆርጦ ይዞ ይወጣል። እንዲህ አምስት ጊዜ። ችግሩ፣ ስክሪኑ አንድ ነገር የሚያሳየው ከአንድ በኩል ብቻ ነው። ከብርቱካን ፊት ለፊት እንጨት ብታቆሙ፣ ከሩቅ ለሚያየው እንጨቱ ብርቱካኑ ላይ የተሰካ ሊመስለው ይችላል፤ ዞር ብሎ ከጎን ሲያይ ነው ለየብቻ መሆናቸው የሚገባው። መርፌም እንደዚያ ነው። ጠንካራ እብጠት ደግሞ አንዳንዴ ከመርፌው ይንሸራተታል። ስለዚህ ዶክተሩ መርፌው ውስጥ እያለ እጀታውን አዙረው ከሌላ አቅጣጫ ማየትና ምስሉን ማስቀመጥ አለባቸው። እኔ በያዝኩት ቅጽ ላይ «ከሁለተኛ አቅጣጫ ታይቷል» የምትል ሳጥን አለች። እኔ ነኝ የራይት ምልክት የማደርግባት።

ማክሰኞ ዳይሬክተሯ አልጋው ላይ ወጡ። ክንዳቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ደረታቸው ተራቁቶ፣ ጄል ተቀብተው። እኚህ ሰው እቤታቸው ያለ ካልሲ እንኳ ታይተው አያውቁም። ዶክተሩ የማደንዘዣውን መርፌ ወጉ፣ ጠበቁ፣ የመጀመሪያውን ሥጋ ወሰዱ፣ ሁለተኛውን ወሰዱ። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። ድንገተኛ ክፍል ደም የሚፈሰው ሰው መጥቷል፣ ዶክተሩ ለአንድ ደቂቃ ይፈለጋሉ ተባለ። እኔ ቁስሉን በፋሻ ተጭኜ ያዝኩና እሳቸው ጓንታቸውን አውልቀው ወጡ።

አንዱ ደቂቃ ሩብ ሰዓት ሆነ። አማቴ ጣራውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በነፃው እጃቸው እጄን ፈልገው ያዙት። እንባቸው በጆሮ ግንዳቸው በኩል ትራሱ ላይ ይወርዳል።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ፈሪ ነኝ» አሉኝ። «ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ከድሮም ፈሪ ነኝ።»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ቃል በዚህ ሰዓት ሰማሁት። ዶክተሩ ተመለሱና አዲስ ጓንት አጠለቁ፤ ሦስተኛው ጧ አለ፣ አራተኛው ጧ አለ። አምስተኛው ላይ አማቴ «በቃ፣ በቃ፣ በእናትሽ በቃ በይልኝ» ማለት ጀመሩ። እጄን ጨምቀው ይዘውታል።

ዶክተሩ መርፌው ገብቶ ሳለ ቆም አሉ። «ሲስተር፣ ቅድም ሳልወጣ አዙሬ አይቼዋለሁ አይደል?»

አላዩም ነበር። አለማየታቸውን አውቃለሁ። ማዞር አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

«አይተዋል ዶክተር» አልኩ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ተንኮል አስቤ አይደለም፤ ያንን አንድ ደቂቃ ለእኚህ ሴትዮ ልሰጣቸው ፈለግሁ። ከዚህም በላይ እውነቱን ካወጣሁት አይቀር፣ እንዲወዱኝ ፈለግሁ። ጧ አለ። ዶክተሩ መርፌውን አወጡ፣ እኔም ሳጥኗ ላይ ምልክት አደረግሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቀን ወለምታ መሆኑም አልታየኝም። እንዲያውም እየዘፈንኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በሚቀጥለው ሰኞ ውጤቱ ወጣ። ሐሙስ ሳይታረቅ ለማንም አይነገርም፤ ሕጉ ይህ ነው፣ ለአዲስ ሠራተኞች የማስተምረውም እኔ ነኝ። ግን ላቦራቶሪ ገብቼ የጸሐፊዋን ጠረጴዛ ተደግፌ ወረቀቱን አነበብኩት። «ስብና ጤናማ የጡት ሥጋ። ካንሰር አልታየም።» ከዚያ ማን ይያዘኝ! ማታ እስኪሆን አልጠበቅሁም፤ በምሳ ሰዓት ታክሲ ይዤ አማቴ ቤት ሄድኩ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። «ነፃ ነዎት እማማ» አልኳቸው። በሩ ላይ እንዳሉ እግራቸው ከዳቸውና የጫማ መደርደሪያው ላይ ቁጭ አሉ። ግንባሬን ሳሙኝ። ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያ እጄን፣ ይህን መርፌ ወጊ እጄን፣ መዳፉንም ጀርባውንም ሳሙት። ወዲያው ስልካቸውን አንስተው ለእህታቸው ደወሉ። «ምራቴ ናት ያዳነችኝ። ምራት አይደለችም፣ ልጄ ናት» ሲሉ አጠገባቸው ቆሜ ሰማሁ። ሰው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሄድ ከሆነ እኔ ያን ቀን ሄጃለሁ።

ሐሙስም ደረሰ።

ዶክተሩ ምስሉን ከፈቱት። ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ከስፋቱ ቁመቱ የሚበልጥ፣ ከሥሩ ጥቁር ጥላ የሚጥል እብጠት። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ዓይነቱን ሳይ «አይ የሰው ልጅ» እያልኩ ኖሬአለሁ፤ ይኼኛውን ግን ውጤቱን ካነበብኩ ወዲህ ሳየው መጀመሪያዬ ነበር። የላቦራቶሪዋ ሐኪም ወረቀቷን አነበበች። ስብና ጤናማ ሥጋ።

ዶክተሩ ወደ እሷ ዞሩ። «ይህ ስብ ነው?»

«እኔ የመጣልኝን ነው ያየሁት» አለች። «አምስቱም ውስጥ እብጠት የሚባል ነገር የለም። እርግጠኛ ነዎት መርፌው ውስጡ ነበር?»

«ሲስተር፣ የዞረውን ምስል አውጪልን።»

ማውሱን ያዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እስከ አሥራ አንድ ሄድኩ። እንደሌለ እያወቅሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ፈለግሁ። ጆሮዬ ውስጥ የአየር ማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረ። መርፌው ከእብጠቱ ጎን ነው ያለፈው። አምስት ጊዜ ጧ ሲል ደህናውን ሥጋ እየቆረጠ፣ ክፉው አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። እኔ ደግሞ «ነፃ ነዎት» ብያቸዋለሁ።

«ጠይቄሽ ነበር» አሉ ዶክተሩ፣ ቀስ ብለው።

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽኝ?»

«አይተዋል አልኩዎት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ። «ያየሁትን ከሰው የምጠይቅ ከሆነ መርፌውን ማስቀመጥ ነበረብኝ። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አምጫቸው፣ እንደግመዋለን። ደግነቱ ውጤቱን ገና አልሰሙም።» ከዚያ ፊቴን አዩ። «አልሰሙም አይደል?»

«አልሰሙም» አልኩ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ፤ እንዲያውም የሚያስፈራው እሱ ነው።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ አማቴ ቤት ሄድኩ። ልነግራቸው ነበር፣ በእውነት። በሩን ሲከፍቱ ግን ፊታቸው በርቶ፣ «ልጄ፣ ደክሞሻል፣ ግቢ» አሉኝና ከእግሬ ሥር ጎንበስ ብለው የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። ዳይሬክተሯ! ነገ ይደርሳል አልኩ። ዓርብ ጠዋት ለዶክተሩ «ጉዞ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ይመለሳሉ» አልኳቸው። ቅዳሜ አማቴ ደውለው እሑድ ዘመድ ሁሉ ምሳ እንደተጠራ ነገሩኝ። የደስታው ምሳ መሆኑ ነው።

እሑድ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለእህታቸው ባል፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት ሁሉ ምግብ እያነሱ «ይህችን አታውቋትም እናንተ፣ ትልቅ ባለሙያ ናት» ይላሉ። ሰው ያጨበጭባል። ባሌ በኩራት ሊፈነዳ ደርሷል። እኔ እያንዳንዱን ጉርሻ እንደ ድንጋይ እየዋጥኩ እስቃለሁ፤ ዓይኔ ግን ግራ ጡታቸው ላይ ነው። ከሸሚዙ ሥር፣ ከመርፌው ጠባሳ አንድ ጣት ራቅ ብሎ የት እንደተቀመጠ አውቀዋለሁ። መድኃኒቱ እኔ ጋ፣ በሽታው እሳቸው ጋ፣ ጭብጨባው መሀላችን። በጣም የሚያሳፍረውንም ልናገር፦ ደስ ብሎኝ ነበር። ከፍርሃቱ ሥር ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ይጨመርልኝ እያልኩ ነበር የምበላው።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ። «መርፌው እንደሚደገም ዛሬ ካልነገርሻቸው እኔ እደውላለሁ» አሉ።

ለባሌ በምሳ ሰዓት መኪናው ውስጥ ነገርኩት። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። መኪናው ቆሟል፣ እሱ ግን መንገድ እንደሚያይ ሰው ፊት ለፊት ያያል። «ዶክተሩ ተሳስቷል በያት» አለኝ በመጨረሻ። «ያንቺን አታንሺ። አንቺን ካጣች ማንን ታምናለች?» ለእናቱ ይሁን ለእኔ እንደፈራ አልገባኝም።

እኔና ባሌ ስንገባ አማቴ ሳሎን ውስጥ የንባብ መነጽራቸውን አድርገው ጋዜጣ ያነብባሉ። ባሌ እንዳለኝ ጀመርኩ። «እማማ፣ ሐኪሞቹ ለጥንቃቄ መርፌውን አንድ ጊዜ ሊደግሙት ይፈልጋሉ።»

«ለምን?»

«ለማረጋገጥ ያህል ነው።»

«ተረጋግጧል እኮ። ካንሰር የለም ብለሽ አንቺው ነግረሽኛል።»

«እማዬ፣ ምናለበት፣ ለጥንቃቄ ነው» አለ ባሌ።

«አይሆንም» አሉ፣ ጋዜጣውን እያጠፉ። «ያቺን አልጋ ሁለተኛ አልወጣትም። አንዴ ነፃ ነሽ ከተባልኩ ምን ፍለጋ ነው ሥጋዬን የሚቆራርጡት? ፈተናውን ያለፈ ተማሪ እንደገና ተፈተን አይባልም። ልጄ፣ አንቺ ራስሽ ንገሪያቸው፤ አንቺን ይሰሙሻል።»

ለመንኳቸው። ዶክተሩ አጥብቀው እንደሚሹ ነገርኳቸው። ምስሉ እንዳላማራቸው ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ሐኪም ሲባል መቼ አምሮት ያውቃል?» አሉና ጉልበቴን ቸብ አደረጉኝ። አመኑኝ ማለት ነው፤ በጣም አመኑኝ። ባለፈው ሰኞ የነገርኳቸው ቃል ልባቸው ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል፣ ቁልፉም ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ዶክተሩ ቢደውሉ፣ ባሌ ቢያለቅስ፣ እህታቸው ብትመጣ አይከፈትም።

«እማማ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ።

ፈገግታቸው ከፊታቸው አልወረደም፤ እዚያው ደረቀ እንጂ።

«መርፌው የተሠራ ቀን ዶክተሩ ጠየቁኝ፣ እኔ ሳይታይ ታይቷል አልኩ። እርስዎን ስላመመዎት ነው። መርፌው እብጠቱን ስቶታል። የመጣው ውጤት የእብጠቱ አይደለም፣ ከጎኑ ያለው ደህና ሥጋ ነው። ሳይፈቀድ ወረቀቱን ሰርቄ የነገርኩዎትም እኔ ነኝ። ነፃ አልነበሩም። እኔ ነኝ ነፃ ነዎት ያልኩዎት።»

ባሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አማቴ አልጮሁም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ። ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ግራ ጡታቸው ላይ ሄዶ እዚያው ቀረ።

«መቼ አወቅሽ?» አሉ።

ይህን ጥያቄ አልጠበቅሁም ነበር። «እ?»

«መርፌው እንደሳተ ያወቅሽበትን ቀን ነው የምጠይቅሽ።»

«ሐሙስ።»

ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቆጠሩ። ሐሙስ። ዓርብ። ቅዳሜ። እሑድ። እሑድ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ጫማሽን ስፈታልሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ሰው ሲያጨበጭብልሽ ታውቂ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። የመጀመሪያውን ውሸት ይቅር ሊሉኝ እንደሚችሉ ከፊታቸው አይቻለሁ፤ ስላዘንኩላቸው ነው። የአራቱን ቀን ግን ስም እንኳ ሊያወጡለት አልቻሉም። ተነስተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ተዘግተው ይቀራሉ ብዬ ደነገጥኩ። ሲወጡ ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ቦርሳቸውን ይዘዋል።

«ዛሬ ይሠራሉ?» አሉ፣ ባሌን እያዩ። እኔን አላዩኝም።

ዶክተሩ ያንኑ ዕለት ከሰዓት ተቀበሏቸው። በሌላ ነርስ ነው የተሠራው። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ካሉት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ስንቱን ሰው «አይዟችሁ፣ ወዲያው ያልቃል» ብዬ ያስቀመጥኩበት ወንበር። ወዲያው አያልቅም። በሩ ድምፅ አያስተላልፍም ብዬ አስብ ነበር፤ ሁሉ ነገር ይሰማል። አምስቱንም «ጧ» ቆጠርኩ። በየአንዳንዱ ባሌ ዓይኑን ይጨፍናል።

የዚያ ሳምንት ሐሙስ ምስሉና ሥጋው ተስማሙ። ካንሰር ነው።

ዓርብ ሦስታችንም ዶክተሩ ቢሮ ገባን። ሁሉንም በግልጽ ነገሯቸው፦ ትንሽ ነው፣ በብብት ወዳሉት ዕጢዎች የሄደ ነገር አልታየም፣ ኦፕሬሽን ይደረጋል፣ ከዚያ መድኃኒት ይከተላል። «ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የያዝነው» አሉ። «መጀመሪያ በመጣው ውጤት ተማምነን ዓመት ብንቀመጥ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።» እኔ የምሰማው ግማሹን ነው። ስንቱን ሰው «ዋናው ነገር ጠንከር ማለት ነው» ብያለሁ፤ ያን ሁሉ ሰው ይቅርታ ልጠይቅ አማረኝ።

አማቴ ጨርሰው ከሰሙ በኋላ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። ተማሪ ፊታቸው እንዳለ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ምራቴ ነፃ ነዎት ብላኝ፣ መርፌው እንደሳተ እያወቀች አራት ቀን ዝም ብላኛለች። ያ አራት ቀን ጎድቶኛል?»

ዶክተሩ ዞረው አዩኝ። ያቺን «አልሰሙም» ያልኳትንም፣ ያንን «ጉዞ ላይ ናቸው» ያልኩትንም በአንድ ጊዜ ሲገጣጥሙ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«የለም» አሉ በመጨረሻ። «በአራት ቀን የሚለወጥ ነገር የለም። በሽታውን በተመለከተ ምንም ጉዳት አላደረሰም።»

«እውነትዎን ነው? ለእሷ ብለው አይደለም?»

«ለእሷ ብዬ አይደለም።»

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ጥሩ» አሉኝ። «የበሽታውን ድርሻ ዶክተሩ ሰርዘውታል። የቀረው የእኔና ያንቺ ነው። የምንነጋገርበትን ቀን እኔ ነኝ የምወስነው፤ ከኦፕሬሽኑ በፊት ይሁን በኋላ ገና አላወቅሁም። እስከዚያ ድረስ ግን ጠዋትም ማታም እቤቴ ትመጫለሽ። እንድትጠፊ አልፈቅድልሽም።»

«እሺ እማማ» አልኩ። እሳቸው ተነስተው ወደ በሩ ሲሄዱ ቀድሜ ሄጄ በሩን ከፈትኩላቸው።